ባሲማ ለእጇ የገዛችው ሰዓት

መካነ ሰላም ላይ «በዛች ሳትናገር የዋለችበት ቀን የለም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ቀኑን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና እያንኳኳሁ ድምፄን ካላነሳሁ ማን ይሰማኛል? የግድግዳ ተጋሪዬ ባሲማ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። እሷ ዐባያና ሻርፕ ትሸጣለች፣ እኔ የረዘመውን አሳጥራለሁ፣ የጠበበውን አሰፋለሁ። ገበያ ቀን ከወግዲ መንገድም ከየቀበሌውም የሚመጣው ሴት መጀመሪያ እሷ ዘንድ ይገባል፣ ቀጥሎ ጨርቁን ጠቅልሎ ወደኔ ይመጣል። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነን። ይሄ እኛ ሀገር ወሬ ስላልሆነ አልፈዋለሁ። ወሬው ባሲማ ናት።

ኩዌት ከአሥር ዓመት በላይ ሠርታለች፣ ሰው ቤት። በዚያ ሁሉ ዓመት ያላደረገችው ነገር የለም፣ ለራሷ ካልሆነ። የእናቷን የእትዬ ዓባይነሽን ቤት ቆርቆሮ አልብሳለች፣ ለወንድሟ ለጠሃ ባጃጅ ገዝታለች፣ አባቷ ሳይሞቱ በፊት ያሳከመቻቸውም እሷ ናት። ስትመለስ ግን ባዶ እጇን መጣች። ገንዘብ አልነበራትም ማለቴ አይደለም፤ ሱቋን የከፈተችው በላቧ ነው። እጇ ላይ ምንም አልነበረም ማለቴ ነው። እዚህ ከዐረብ ሀገር የመጣች ሴት አንድ አምባር እንኳ ሳታደርግ ከመኪና ስትወርድ ሰው ይደነግጣል። ምን ደርሶባት ነው ይላል። አንዷ አፈ ሾተል ጎረቤታችንማ ኩዌት ወርቁ አለቀ እንዴ ብላ ስቃባታለች። እኔ መልስ ሰጠኋት፣ ባሲማ ዝም አለች።

ዝምታዋ ነው ሰውን ግራ የሚያጋባው። በልጅነቷ እንዲህ አልነበረችም አሉ። እትዬ ዓባይነሽ ሲያወሩ፣ ለአንድ የደጎሎ እህል ነጋዴ ሊድሯት ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ ራሷ ከጓዳ ወጥታ «እምቢ» ያለች ልጅ ናት። አባቷ አለንጋ አነሱ፣ እሷ ግን ቃሏን አላጠፈችም። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ፈልገው ወጡ። ከኩዌት የተመለሰችው ባሲማ ግን «እሺ» እንጂ ሌላ ቃል ያላት አትመስልም ነበር። ጠሃ ለባጃጁ ጎማ ሲል እሺ፣ አክስቷ ለልጇ ሰርግ ልብስ ስትል እሺ። እንዲያውም በመጀመሪያው ዓመት እናቷ ከጓሮ ሲጠሯት «ሐድር» እያለች ነበር የምትነሳው፤ እዚያ ለእመቤቷ የምትመልሰውን «እሺ» በዐረብኛ። እትዬ ዓባይነሽ ያን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። እኔ እናትሽ ነኝ እንጂ ማዳምሽ አይደለሁም ይሏታል። እሷም እሺ ትላለች።

በየኢዱ ደግሞ አንድ ጭቅጭቅ ነበር። እትዬ ዓባይነሽ፣ ለእጅሽ አንድ አምባር ግዢ፣ ቀጭንም ቢሆን ግዢ ይላሉ። ይለምናሉ ማለት ይቀላል። ባሲማ እሺ ትልና አትገዛም። በዚህ ብቻ ነው እሺታዋ እሺ ያልሆነው። አንድ ቀን እኔ ራሴ ያዝኳትና ለምን አትገዥም፣ ገንዘብሽን ይዘሽው ልትቀበሪ ነው ወይ አልኳት። የምታጥፈውን ዐባያ በእጇ ይዛ ነበር፤ አስቀመጠችና ወርቅ ለለበሰችው ሴት የራሷ አይደለም አለችኝ። ወንድም ሲያገባ ይሸጣል፣ ሰው ሲታመም ይሸጣል፣ በሬ ሲሞት ይሸጣል። አንገትሽ ላይ ሆኖ የቤተሰቡ ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነው። እኔ የምፈልገው ማንም አይቶ ይሸጣል ብሎ የማያስበውን ነገር ነው አለች።

ምንድን ነው እሱ ስላት አፍራ ሳቀችና «ሰዓት» አለችኝ።

እኔማ የምታፌዝ መስሎኝ ገበያ ላይ የተዘረጋ ሞልቶ የለም ወይ አልኳት። ያን ጊዜ ነው የኩዌቱን የነገረችኝ፤ ያን ያህል ጊዜ ጎን ለጎን ስንሠራ አውርታልኝ አታውቅም። እመቤቷ መሳቢያ ሙሉ ሰዓት ነበራት። ባትሪ የላቸውም፤ ሰው አስሯቸው እጁን ሲያንቀሳቅስ ነው የሚሞሉት። ካልታሰሩ ይቆማሉ። ሴትዮዋ ደግሞ የቆመ ሰዓት አትወድም፣ ሁሉንም ማሰርም አይቻላትም። ስለዚህ ባሲማ ልብስ ስትተኩስ አንዱን በቀኝ እጇ ታስራለች። ካውያው ወዲያና ወዲህ ሲል ሰዓቱ ይሞላል። ሲበቃው ትፈታዋለች፣ ላቧን ከጀርባው ትጠርጋለች፣ ወደ መሳቢያው ትመልሳለች። በነጋታው ሌላው። ከሴትዮዋ እጅ ይልቅ በሷ እጅ ነው የኖሩት። እንግዳ ከመጣ ግን እጅጌዋን ወደ ታች መሳብ አለባት፤ ሠራተኛዋ አሰረች እንዳይባል።

በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባል የለ? እኔ ብሆን ግን አንዱን አስሬ ኤርፖርት እገኝ ነበር አልኳት። ሳቀች። በሳቅ ግን አላበቃም፤ ዓይኗ እርጥብ ሆነ። «አንድ ሰዓት እፈልጋለሁ በዛች፤ እኔ ሞልቼው እኔው ጋ የሚቀር» አለች። አንጀቴን በላችኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ በሰዓት አላፌዝኩባትም፤ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት።

ለአንድ ሳምንት ያልኩት ዋጋውን እስክሰማ ነው። ደሴ ፒያሳ ሙጀሂድ የሚባል፣ ከዱባይ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ አለ። በቴሌግራም ፎቶ ይልክላታል። እሷ ማታ ማታ ሱቅ ከዘጋች በኋላ ስልኳን ታቅፋ ታያለች፣ ታሰፋለች፣ ታጠባለች፣ ለኔም ታሳየኛለች። የመሳቢያው ዓይነት ሰዓት ቤት የሚያስገዛ ነው፤ እሱን አልተመኘችም። በግ ተራ አጠገብ የሚዘረጋውንም አልፈለገችም፤ ሦስት ጊዜ ዝናብ ካየ ያበቃለታል። የፈለገችው መሀለኛውን ነው፤ ስሙ ያለ፣ ውስጡ የታመነ፣ ሲበላሽ የሚጠገን። መሀለኛ ያለችውም ታዲያ የአንዲት የፈረንጅ ላም ዋጋ ያወጣል።

ላም እኮ ትታለባለች፣ ሰዓት ምኑ ይታለባል ብዬ ጮህኩባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ አልኳት። እሷም ቀስ ብላ፣ ላም ገዝቼ አውቃለሁ በዛች፣ ወተቷን ማን እንደጠጣው አንቺም ታውቂያለሽ አለችኝ። አውቃለሁ። ከሷ በቀር ቤተሰቡ ሁሉ ነው የጠጣው።

ሙጀሂድ ሦስት አምጥቻለሁ፣ መጥተሽ በዓይንሽ እይ ሲላት ሱቋን ዘግታ፣ እኔም መኪናዬን ሸፍኜ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈርን። የሱቅ ዕቃ ልታመጣ ደሴ እንደምትሄድ ብቻ ለእናቷ ነገረቻቸው። አቀስታ ሻይ ጠጣን፤ ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ገባ፣ ሁለታችን አንድ ጋቢ ለበስን። መንገድ ላይ አንዴ፣ ወንድሜ ለቤቱ ሲሚንቶ ብሎኝ ነበር፣ ይሄን ገንዘብ ለሱ ብሰጠው ምናለ አለች። ወላሂ ከሚኒባሱ ነው የምወረውርሽ አልኳት። እኛ ክርስቲያኖቹም ስንናደድ ወላሂ እንላለን፤ ስለሚያምር እንጠቀምበታለን።

ሙጀሂድ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት። ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ዘርግቶ ሦስቱን ደረደረልን። የመጀመሪያው ወርቅ የተቀባ ነበር፤ ዙሪያውን ጠጠር የመሰለ ፈርጥ ያብለጨልጫል። ሴት ሁሉ የምትወስደው ይሄን ነው አለ። እኔም ልቤ ደንገጥ አለ፤ በጣም ያምራል። ባሲማ አሰረችው፣ እጇን ዘረጋች፣ ፈታችው። ይሄ በባትሪ ነው የሚሄደው አለች። ታዲያ ምን ይሁን አልኩ። «እኔን አይፈልገኝም» አለችና መለሰችለት።

ሁለተኛው የባሕር ጠላቂ ሰዓት ነው፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ ዙሪያው የሚሽከረከር። ባሕር ውስጥ ጠልቆ ውሃ አያስገባም አለን ሙጀሂድ። እኛ ጋ ያለው አባይ ነው፣ እሱ ውስጥ የገባ ሰዓት ማየት አያስፈልገውም አልኩት። ሳቀ። ባሲማ ግን እሱንም በቁም ነገር ነው ያየችው። ጀርባውን ገለበጠች፣ ክብደቱን በመዳፏ መዘነች፣ የመቆለፊያውን ድምፅ አዳመጠች። ጥሩ ሰዓት ነው፣ ግን ሊጥ ሳቦካ ክንዴን ያዝለዋል አለች።

ሦስተኛውን ስታይ ገና ሳታነሳው አወቅኩባት። ትንሽ ነው፣ ነጭ ፊት አለው፣ ቀጫጭን ቁጥሮች፣ ማሰሪያው ብረት። እኔ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሰዓት መሰለኝ። እሷ ጀርባውን ገለበጠችና አሳየችኝ፤ ጀርባው መስታወት ነው፣ ውስጡ ይታያል። ግማሽ ክብ የሆነች ብረት አለች፤ እጇን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ዞር ትላለች። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ሰከንድ ቆጣሪው እየዘለለ ሳይሆን እየተንሸራተተ መሄዱን ተከተለች። ከሙጀሂድ የውሃ ብርጭቆ በጣቷ አንዲት ጠብታ ወስዳ መስታወቱ ላይ ጣለች፤ ጠብታዋ ሳትፈስ ክብ ሆና ቀረች። የማይጫጫረው መስታወት እንዲህ ነው አለችኝ። ሙጀሂድም አዎ እሱ ነው አለና ብርጭቆውን ወደሷ አስጠጋላት።

ይሄው ሰዓት ቀን የሚያሳይም አለው ብሎ አንድ ሌላ አወጣ። ያለ ቀን ይሻለኛል አለች። የኛ ቀን ሌላ፣ የፈረንጅ ቀን ሌላ፣ የሂጅራው ቀን ሌላ፤ ሰዓቴ በየጠዋቱ ከሰው ጋር እንዲከራከር አልፈልግም። ከዚያ አንድ ነገር አደረገች። ሙጀሂድ በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልቶት የነበረውን ሰዓት ራሷ አሽከርክራ ወደኛ መለሰችው። ኩዌት በነበረችበት ዘመን ሁሉ በሌላ ሰው ሰዓት ነበር የምትነሳው፤ እኔ ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት።

ገንዘቡን ስታወጣ ግን መሀል ላይ ቆመች። ምናልባት ለእናቴ ጥሩ ብርድ ልብስና ለጠሃ ያን ሲሚንቶ አለች። ሙጀሂድ አንገቱን ደፍቶ ጨርቁን ያስተካክል ጀመር፣ እግዜር ይስጠው። እኔ ክርኗን ያዝኩ። ለሁሉም ሰጥተሻል፣ ዛሬ አንድ ቀን ለባሲማ ስጫት አልኳት። ከፈለች። ሙጀሂድም የተረፈውን የማሰሪያ ቁራጭ ነቅሎ በልኳ አደረገላት። ስንወጣ ፀሐይ ነበር፤ እጇን ፊት ለፊት ይዛ እንደ አዲስ ሙሽራ ነበር የምትሄደው። ወላሂ ደስ አለኝ። የኔ እጅ ላይ የታሰረ ያህል ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ከተማው ሁሉ አወቀ። መካነ ሰላም ትንሽ ናት፤ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሌላው መሐረብ ያወጣል። ባል አግኝታለች፣ ሰዓቱ የሱ ነው ያሉ አሉ። ጠሃ ባጃጁን ሱቋ በር ላይ አቁሞ ለኔ ሰርግ ነው አይደል ብሎ ጠየቃት። የኔ ነው አለችው። ቀልድ መስሎት ሄደ። ባሲማ ግን እናቷን ነበር የፈራችው። ከመግሪብ በፊት አብረን ሄድን፤ አብሬያት እንድገባ ለምናኝ ነው።

እትዬ ዓባይነሽ በረንዳው መደብ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰዓቱን ገና ከሩቅ አዩት። ለማን ነው አሉ። ባሲማ ለእጄ ነው እማ አለች። አንቺው ለራስሽ ገዛሽው አሉ። አዎ አለች። ሴትዮዋ ተነሱ፣ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ምስሩ ተደፋ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ሞኟ የደስታ መስሎኝ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

የደስታ አልነበረም። ነገሩ ባሲማ ኩዌት ሳለች ስልኳን ከተቀማችበት ዓመት ይጀምራል። ያን ጊዜ ከዓመት በላይ ድምፅዋ ጠፋ። ከዚሁ ከኛው ወረዳ የሄደች አንዲት ልጅ ሬሳ መጣ የሚል ወሬ ደረሰ፣ ሰውም የባሲማ ነው አለ። ዘመድ ለቅሶ እንቀመጥ ብሎ ሲመጣ እትዬ ዓባይነሽ በሩን ዘጉበት። የሐሙስ ዱዓ ላይ ግን ሰው ሁሉ ባለበት ቆመው ተሳሉ። ልጄ በሰላም ትግባልኝ እንጂ፣ ለእጇ ብላ የምትገዛውን የመጀመሪያ ጌጥ ልጆች ቁርአን ለሚማሩበት ለቂርአት ቤቱ አገባለሁ አሉ። አምባር መስሏቸው ነበር። ከዐረብ ሀገር የሚመጣ ሰው ሁሉ አምባር አድርጎ ነው የሚመጣው፤ መጥታ በሳምንቷ ከፍለው የሚገላገሉ መስሏቸው ነበር። እሷ ባዶ እጇን መጣች፣ ስለታቸውም እላያቸው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጉልበታቸውን ሲያማቸው በስለቱ ይመስላቸዋል፣ በሬው ሲሞት በስለቱ ይመስላቸዋል። ለልጃቸው ግን መንገር አፈሩ።

ይሄን ሁሉ እያለቀሱ ነገሩን። ባሲማ ቆማ ሰማች። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀች።

«በየኢዱ አምባር ግዢ የምትይኝ ለዚህ ነበር?»

እትዬ ዓባይነሽ አዎ አሉ።

«እኔ ደግሞ እንዳምር ፈልገሽ መስሎኝ።»

ሰዓቱን ፈታችና መደቡ ላይ፣ ከምስሩ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ወደ ውስጥም ገባች። እናትየው ሰዓቱን ለመንካት ፈሩ፤ ውሰጂልኝ በዛች፣ እኔ በእጄ አልነካውም አሉኝ። በመሐረቤ ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩት። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አሳዘኑኝ፣ ሁለቱም አናደዱኝ። አንዷ ሳትጠይቅ በሰው ዕቃ ትሳላለች፣ ሌላዋ ሲወሰድባት አትጮኽም። ባሲማ ጠዋት መጥታ ለቂርአት ቤቱ እንደምትሰጠው እርግጠኛ ነበርኩ። ሌላ ነገር ስታደርግ አይቼ አላውቅማ።

ጠዋት እንደተመኘሁት ሳይሆን እንደፈራሁት ሆነ። እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ሆነው መጡ፤ ወደ ሼኽ አብዱራህማን እንሂድ አሉኝ። ሰዓቱን ይዤ ተከተልኳቸው። ሼኽ አብዱራህማን የቂርአት ቤቱ መምህር ናቸው፤ የእትዬ ዓባይነሽን ባል ጭምር ቁርአን ያስቀሩ ሽማግሌ። ደረሶቹን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ አስወጥተው ምንጣፍ ላይ አስቀመጡን። እኔንም ግቢ እንጂ በዛች፣ አንቺ ውጭ ብትሆኝም ትሰሚያለሽ አሉኝ። እኔ መሐረቡን ፈትቼ ሰዓቱን መሀላችን አኖርኩት።

እትዬ ዓባይነሽ ከመጀመሪያው ጀምረው ተናገሩ። ሼኹ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ፣ ዓባይነሽ፣ ሰው የሱ ባልሆነ ነገር አይሳልም አሏቸው። የሰው በግ፣ የሰው እርሻ፣ የሰው ጌጥ በስለት አይያዝም። ይሄ ስለት ልጅሽ ላይ የለም፣ ቂርአት ቤቱም ከልጅሽ የሚጠይቀው ነገር የለም። ልብሽ እንዲያርፍ ከራስሽ አሥር ሚስኪን አብዪ፣ በዚያ ያበቃል አሏቸው። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን መጥተው ቢጠይቁ ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሰው ግን የሚያስፈራውን ነገር አይጠይቅም።

እኔ ልነሳ ስል እትዬ ዓባይነሽ አልተነሱም። ምንጣፉን እያዩ፣ «እጇ የኔ መስሎኝ ነዋ የተሳልኩት፣ ሼኻችን» አሉ።

እናት ናቸው፤ ምን ይባላሉ? ያን እጅ ያጠቡት፣ ጥፍሩን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ቤታቸውን ያቆመው ያው እጅ ነው። የኔ ነው ቢሉ ይፈረድባቸዋል? ባሲማ ሲናገሩ አንገቷን ደፋች፤ እናቷ እንዲህ ሲሰበሩ ማየት አልቻለችም።

ሼኹ ወደሷ ዞሩ። ልጄ፣ አንቺ ላይ ግዴታ የለም አሏት። በፈቃድሽ ብትሰጪ ሰደቃ ነው፣ ብታስቀሪ ሀቅሽ ነው፣ ወንጀል የለብሽም። የልብሽን ተናገሪ አሏት።

ደጉ ሰውዬ ምን አስጠየቃቸው፣ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። ባሲማ ሲጠይቋት የምትለውን አውቀዋለሁ። ወንድሟ ሲጠይቃት ምን አለች፣ አክስቷ ስትጠይቃት ምን አለች? አሁን ደግሞ ሼኽ፣ ቂርአት ቤት፣ የምታለቅስ እናት። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ያዝኩት፤ ብናገር ነገር የማበላሽ መሰለኝ። ሰዓቱ ምንጣፉ ላይ ነበር፣ ነጭ ፊቱ ወደ ላይ። ባሲማ እሱን እሱን አየች።

«አልሰጥም» አለች።

ሼኹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። ቂርአት ቤቱ ምንጣፉ አርጅቷል፣ ምንጣፍ እገዛለታለሁ፣ በፈቃዴ ነው አለች። «ሰዓቴን ግን ለማንም አልሰጥም። እማ ብትለምኚኝም አልሰጥሽም።» እጇን ዘርግታ ከምንጣፉ አነሳችው፣ አሰረችው፤ መቆለፊያው እምቢ አላትና ደግማ ሞከረች።

እትዬ ዓባይነሽን ለማየት ፈራሁ። ይረግሟታል ወይም ራሳቸውን ይስታሉ ብዬ ነበር። ቀና ስል እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ ግን ፊታቸው በርቷል። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። በጉልበታቸው ድኸው ወደ ልጃቸው ተጠጉ፣ ያን ሰዓት ያሰረውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ከመጣሽ ጀምሮ እሺ ብቻ ነው የሰማሁት» አሏት። «እምቢ የምትለዋ ልጄ ናት የጠፋችብኝ። እሷ እንድትመጣ ነበር የተሳልኩት። ዛሬ ገና መጣሽልኝ።»